ፍልውሃ ተብሎ ስለተሸጠልን የፈላ ውሃ

የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጉዞ አዘጋጅ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጅቡቲ ጉዞ ላይ ስለደረሰ የቃጠሎ ጉዳትና ስላልተሰጠን አገልግሎት ቅሬታ ስለማቅረብ

ባለፈው ጥር አራት ጓደኛሞች ሆነን በእናንተ በኩል ጅቡቲ ደርሰን መጥተናል። በነፍስ ወከፍ 34,000 ብር ከፍለናል፣ ደረሰኙም በእጄ አለ። እንደተመለስን ስልክ ደውዬ የደረሰብንን ተናግሬ ነበር። ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ግን "ፍልውሃ ትኩስ መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ዘጋችው። በጽሑፍ እንድመጣ ያደረገኝ ይህ መልስ ነው።

በቴሌግራም የለጠፋችሁት ማስታወቂያ "የጨው ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ፣ የተፈጥሮ ፍልውሃ መታጠቢያ" ይላል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ፍልውሃ ሲባል ምን ይታየዋል? ተራ ጠብቀን የምንገባበት መታጠቢያ ቤት ነዋ። ሶደሬ ነው፣ ወንዶ ገነት ነው። እናቶቻችን ወገብና ጉልበታቸው ሲያማቸው የሚሄዱበት ነው። ከተማችንም ብትሆን እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት የተቆረቆረች ናት። ይህን ቃል ለእኛ ስትጽፉ ምን እንደምንረዳ ታውቃላችሁ። እኛም ፎጣና የዋና ልብስ ሸክፈን ሄድን።

በባቡሩም በሆቴሉም ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የጀመረው ከጅቡቲ ከተማ ወደ አሳል ሐይቅ ስንወጣ ነው። "አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ" ተብሎ የተጻፈው ቀርቶ ሾፌር ብቻ መጣልን። ትሁት ልጅ ነው፣ መኪናውንም በጥንቃቄ ነው የሚነዳው። ግን አሳል ሲመጣ ይህ ሁለተኛው እንደሆነ እሱ ራሱ ነገረን። የጉቤትን ባሕረ ሰላጤ አልፈን ቀልጦ የረጋው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ስንገባ አንድም ነገር አላስረዳንም። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ፈንድቶ እዚያው መንገዱ ዳር እንዳለ ለጓደኞቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ቤት ሆኜ አንብቤ ስለነበር።

እውነቱን ለመናገር ቦታው ልብ ይሰርቃል። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ ነው። በአፍሪካ ከዚያ የሚወርድ መሬት የለም። ዳሩ ነጭ ጨው፣ መሃሉ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ሐይቁን የሚመግበው ከጉቤት በኩል በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ የሚመጣ የባሕር ውሃ ነው። ያ ውሃ በመንገዱ የጋለ አለት ያገኛል። ከዚያ ሐይቁ ዳር ይፈልቃል። አንዱ ምንጭ ለብ ያለ ነው፣ ሌላው እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። እዚያ እንደ ሶደሬ ውሃውን አብርዶ የሚያቀርብ ሰው የለም። ምልክት አላየንም፣ አጥርም አላየንም። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እዚያው የሚውል ሰው ብቻ ነው።

ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ "ያውላችሁ ፍልውሃው" አለን። ውሃው ጥርት ያለ ነው። አይንተከተክም። ፀሐዩና ሙቀቱ ራሱ እሳት ስለሆነ እንፋሎቱም አይታይም። አንደኛዋ ጓደኛችን ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቅልላ ቀኝ እግሯን ነከረች። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እግሯን ስታወጣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልቷል። ብዙም ሳይቆይ ቆዳው ውሃ ይቋጥር ጀመር።

መኪናው ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አልነበረም። ፋሻ የለም፣ ምንም የለም። ለአራት ሰው የተያዘው ውሃ ስድስት ሃይላንድ ነበር፣ ግማሹን ጠጥተነዋል። ሾፌሩ ደንግጦ የጥርስ ሳሙና ሊቀባት ሲል አንድ ጨው ሻጭ የአፋር ወጣት እየሮጠ ደረሰ። እጁን ይዞ አስቆመው። የራሱን ቢጫ ጀሪካን አምጥቶ እግሯ ላይ ቀስ እያለ ያፈስ ጀመር። አንዴ ደፍቶ አልተወም። ጥቂት ያፈሳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያፈሳል። በዚያ በረሃ የሚጠጣ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን ጀሪካኑን እስኪጨርስ አላቆመም። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ ወደ ሁለት ምንጮች እየጠቆመ፣ "ይሄ ያቃጥላል እህቴ፣ ያ ጥሩ" አላት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ገንዘብ ስንሰጠው እምቢ አለን። ከጨው ድብልብሎቹ ገዝተን ሄድን።

እንግዲህ ፍልውሃ ትኩስ መሆኑን እናውቃለን። ያላወቅነው የትኛው እንደሚታጠቡበትና የትኛው እንደሚልጥ ነው። የከፈልነው ይህን የሚነግረን ሰው እንድታቆሙልን ነበር።

ወደ ከተማ ተመልሰን ክሊኒክ 18,000 የጅቡቲ ፍራንክ ከኪሳችን ከፈልን። ሐኪሙ እንዳትራመድ አዘዛት። የቀሩትን ሁለት ቀናት ሆቴል ተቀምጠን አሳለፍናቸው። አቤ ሐይቅ መሄድም ቀረ።

ስለ አቤ ትንሽ ልበል። የተጎዳችው ጓደኛችን መተሐራ ነው ያደገችው። አባቷ ሸንኮራ አገዳ እርሻው ላይ ይሠሩ ነበር። አዋሽ የልጅነት ወንዟ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ላይ ያልቃል። ከልጅነቷ ጀምሮ "ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?" እያለች አባቷን ትጠይቅ እንደነበር ባቡሩ ውስጥ አጫውታናለች። መልሱን በዓይኗ ልታይ ነበር የሄደችው። እናንተ ዘንድ ይህ "የሁለተኛ ቀን መርሐ ግብር" ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ስልክ ላይም "ጉዞውን ያቋረጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ" ተባልን። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ እንዴት ትሂድ? እሷን ሆቴል ጥለን እኛ እንድንሄድስ ነበር የተጠበቀው?

የምንጠይቀው ይህን ነው። ያልሄድንበትን የሁለት ቀን ሂሳብ ለአራታችንም መልሱልን። የክሊኒኩን ወጪ ሸፍኑ፣ ደረሰኙን አያይዣለሁ። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ለቁስሏ ያወጣችውንም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት ግን "ፍልውሃ መታጠቢያ" የሚለውን ከማስታወቂያው ዛሬውኑ አውጡት። ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት፣ እንዳለ ነው። ለመጋቢት አዲስ ቡድን እየመዘገባችሁ ነው፣ "ልጆች ይዞ መምጣት ይቻላል" የሚልም ተጨምሮበታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ትልቅ ሰው ያልለየውን ውሃ ልጅ እንዴት ይለየዋል?

ያ ቡድን ሲሄድ ከመኪናው ጋር አንድ የአካባቢው ሰው ይቀጠር። ጨው ሻጮቹ ዘንድ ብትጠይቁ ምንጮቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ አታጡም። መኪናው ውስጥም የእርዳታ ሳጥንና ትርፍ ጀሪካን ውሃ ይኑር።

የጓደኛችን እግር እየዳነ ነው። ጫማ ግን ገና አልገባላትም። መልሳችሁን በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የመጋቢቱ ቡድን ከመነሳቱ በፊት ቢሮ መጥቼ ኃላፊዎቹን በአካል ለማነጋገርም ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ስለ አራቱም ተጓዦች

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የክሊኒክ ደረሰኝ፣ የቁስሉ ሦስት ፎቶግራፎች