ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፦ «የተበላ ዕቁብ» ስላላችሁት ቦክስ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ቦክሰኞቹ ስለ መሐመድ አሊና ስለ ሶኒ ሊስተን ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ግድግዳው ላይ ያችው ፎቶ ተለጥፋለች። አሊ ቆሞ ይጮኻል፣ ሊስተን በጀርባው ተዘርሯል። ፀጉር አስተካካዩ በመቀሱ እየጠቆመኝ «መምህር፣ ይሄማ የተበላ ዕቁብ ነው፤ ተከፍሎት ነው የወደቀው» አለኝ። እናንተም የጻፋችሁት ይህንኑ ነው።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ስፖርት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዚያን ግጥሚያ ቪዲዮ በወንድሜ ልጅ ስልክ እያዘገየሁ ዐሥር ጊዜ ያህል ዐይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1965 ነው፤ ሜይን ግዛት ውስጥ ሉዊስተን የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ተመልካቹ 2,434 ሰው ብቻ። አንደኛው ዙር ሳያልቅ አሊ አጭር ቀኝ ሰነዘረ። ብዙ ሰው ቡጢዋን አላያትም። ግን አለች። የሊስተን ግራ እግር ከመሬት ሲነሣ ይታያል። ያን የሚያህል ሰው ትጥላለች ወይ ካላችሁኝ፣ እኔም እጠራጠራለሁ። ዳኛው ጀርሲ ጆ ዎልኮት ደግሞ አሊን ወደ ጥግ ልመልስ ሲል እስከ ዐሥር የሚቆጠረው ቆጠራ ጠፋበት። ሊስተን ተነሥቶ መደባደብ ጀምሮ ሳለ ነው ከሪንጉ ዳር «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ተጮኾ ግጥሚያው የቆመው። ሊስተን ስሙ ከወሮበሎች ጋር ይነሣ ስለነበር ሐሜቱ ቶሎ ተያያዘ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ግን ማረጋገጫ ያመጣ የለም።

ግጥሚያ ሸጥኩ ብሎ በአፉ ያመነ ከፈለጋችሁ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጄክ ላሞታ አለላችሁ። በ1947 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ለቢሊ ፎክስ ተሸነፈ፤ በ1960 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «አዎ፣ ለቅቄለታለሁ» አለ። የቦክሱን ገበያ የያዙት ወሮበሎች ካልፈቀዱ የሻምፒዮና ግጥሚያ አይገኝም ነበር። በ1949 አገኘው፣ አሸነፈም። እኔን የሚያስቀኝ ግን ለፎክስ የተሸነፈበት መንገድ ነው፦ አልወደቀም እኮ! አራተኛው ዙር ላይ ዳኛው እስኪያስቆም ድረስ ዝም ብሎ ተቀጠቀጠ። ለመሸነፍ ተስማማ፣ ለመውደቅ ግን ኮራ። የጎጃም ሰው ቢሆን ባልገረመኝ።

ታዲያ እናንተ የጠረጠራችሁት የወደቀውን ሰው ብቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጠውን ዳኛ አልነካችሁትም።

የ1988ቱን የሴኡል ኦሎምፒክ ውሰዱ። በፍጻሜው የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ የአስተናጋጇን የደቡብ ኮሪያን ልጅ ፓርክ ሲ ሁንን ሲወቅጠው ዋለ። ያረፉት ቡጢዎች ሲቆጠሩ 86 ለ32 ነበሩ። ውጤቱ ሲነበብ ግን በዳኞቹ ድምፅ 3 ለ2 ለፓርክ። በ1997 የኦሎምፒክ ኮሚቴው ጉቦ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ፓርክ ራሱ ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የወርቅ ሜዳሊያውን ለጆንስ ሰጠው። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሞሮኳዊው፣ ተናገረ የተባለው ነገር ነው እኔን እንቅልፍ የነሣኝ። ጆንስ በግልጽ አሸንፏል፤ ሌሎቹ አራቱ ለእሱ መስጠታቸው አይቀርም፤ እኔ ባለአገሮቹ እንዳያፍሩ ለኮሪያው ልስጥ ብዬ ነው፣ አለ።

ለምን እንቅልፍ እንደነሣኝ ልንገራችሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የትምህርት ቤቶች ውድድር እዚህ ማርቆስ ተካሄደ። አዳራሽ ውስጥ አራት ብረት ተተክሎ ገመድ ተወጠረ። ነጥብ የምንይዘው ሦስት ነበርን። አንዱ ልጅ የማርቆስ፣ አንዱ የብቸና። የብቸናው ረጅም፣ ቀጭን፤ ጓንቱ ሰፍቶት ውስጡ ጨርቅ ጠቅጥቋል። በግራው ብቻ እየገፋ የእኛን ልጅ ሦስቱንም ዙር አላስጠጋውም። የእኛው አፍንጫው ደማ። አዳራሹ በሙሉ የማርቆስ ሰው ነው፤ ተማሪዎቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የሚስቴ ወንድም ሳይቀር። አዘጋጆቹ ምሳ ጥብስ ጋብዘውናል። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም። እስክሪብቶዬን ሳነሣ «ሁለቱ ለብቸናው መስጠታቸው አይቀርም፤ እኔ እንኳ ለእኛው ልስጠው፣ ባዶውን አይሂድ» አልኩና ጻፍኩ።

አንዱ ባልደረባዬም ለካ ይህንኑ አስቧል።

የመሐል ዳኛው የሁለቱንም እጅ ይዞ ቆሟል። የብቸናው ልጅ የሚነሣው የእሱ መስሎት እጁን ቀድሞ ትንሽ ከፍ አደረገው። የሌላው ተነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

በሪዮ 2016 ኦሎምፒክ የነበሩት 36ቱ የቦክስ ዳኞች በሙሉ ከቶኪዮ ኦሎምፒክ እንዲቀሩ ሲደረግ ሰው «ምን ያህል ቢበሉ ነው!» አለ። የበላ አይጠፋም። እኔ ግን የበላሁት ጥብስ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስለ ቦክስ ስትጽፉ ስለ ነጥብ መያዣው ወረቀትም ጻፉ።

ያ የብቸናው ልጅ ዛሬ እዚሁ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ጥቅምት ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ሲያደርሰኝ በመስታወቱ ዐየኝና «መምህር፣ እርስዎ እኮ ቦክስ ዳኝተውኝ ያውቃሉ» አለ። «አስታወስከኝ?» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ስወርድ ሒሳብ ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። «ኧረ ይተዉት፣ ከእርስዎማ አልቀበልም» ብሎ ነድቶ ሄደ። ብሩን እንደያዝኩ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

ጡረተኛ የስፖርት መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ
(ስሜን አታውጡት፤ ለእሱ በአፌ ልንገረው።)