ጣሪያ ላይ ውሎ የሚያድር ኮምፒውተር፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ጣሪያ ላይ ሆኖ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት እየለካ የሚመዘግብ ትንሽ ኮምፒውተር መሥራት። የመብራት መስመር እዚያ አይደርስም፤ ኃይሉን ከሶላር ማግኘት አለበት። ጥላ የሚባል ነገር የለም። አቧራው ደግሞ ጠዋት የጠረግነውን ከሰዓት መልሶ ያለብሰዋል። ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ፈጀብን።

መጀመሪያ የተከራከርነው "የትኛው ይፈጥናል?" በሚለው ላይ ነበር። ልጆቹ ፍጥነትና ሜሞሪ እያነጻጸሩ ሰሌዳውን ሞሉት። እኔም ያኔ ሌላ ጥያቄ አላነሳሁም። በመጨረሻ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባል በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራ ኮምፒውተር ተመረጠ። ብረት ሳጥን ውስጥ ከነባትሪው አስገባነው፤ አቧራ እንዳይገባ ክዳኑን ጥርቅም አድርገን ጣሪያ ላይ አወጣነው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ተንቀራፈፈ። ወጥተን ስናየው ሳጥኑ እጅ አያስነካም። ፓይ 4 የፕሮሰሰሩ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ እንዳይጎዳ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። 85 ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ያ ሁሉ የተከራከርንበት ፍጥነት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አብሮን አልነበረም። የአምራቹን መግለጫ በቅጡ ያነበብነው ያን ቀን ነው። የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ይላል። "አካባቢ" ሲል ደግሞ የአየር ትንበያው የሚነግረንን ሙቀት ማለቱ አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየር ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ዝግ የብረት ሳጥን 50 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል።

ፋን እንጨምርለት የሚል ሐሳብ መጣ። ሞከርነው። በዝግ ሳጥን ውስጥ ያው የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ዞረ እንጂ ለውጥ አልመጣም። ቀዳዳ ስንከፍትለት ደግሞ አቧራውን እየሳበ ቦርዱ ላይ ደፋው። አቧራ ባለበት ቦታ ፋን የሌለው ይሻላል፤ የሚሽከረከር ነገር ቶሎ ያልቃል።

አካሄዳችንን የቀየረው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። "ቲቸር፣ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል መጨረሻው ምንድን ነው?" አለችኝ። መጨረሻው ሙቀት ነው። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 3 ዋት የሚበላ ቦርድ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን ማለት 3 ዋት ማሞቂያ አስቀመጥን ማለት ነው። ኃይል መቆጠብና ሙቀት መቀነስ አንድ ሥራ መሆናቸው የገባን ያኔ ነው። ይህን ጥያቄ በዓመቱ መጀመሪያ እኔ ማንሳት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን "ሥራው ስንት ይፈልጋል?" ሆነ። በየ10 ደቂቃው ሦስት ቁጥር መመዝገብ። በቃ። ለዚህ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ኢኤስፒ32 የተባለውን መረጥን። ከለካ በኋላ ይተኛል፤ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ ቺፑ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፔር ያህል ነው። ልጆቹ አሰሉት። ፓይ 4 ሥራ ፈትቶ እንኳ 3 ዋት ገደማ ይበላል፤ በቀን 72 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኢኤስፒ32 በየ10 ደቂቃው ለ5 ሰከንድ ነቅቶ 100 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ በ3.3 ቮልት የቀኑ ድምር 0.07 ዋት-ሰዓት ነው። ሺህ እጥፍ ልዩነት! ስላላመኑት ሦስቴ ደግመው አሰሉት።

እውነተኛው ቦርድ ግን እንደ ወረቀቱ አልሆነም። በመልቲሜትር ስንለካው ተኝቶም ብዙ ሚሊአምፔር ይወስዳል። ምክንያቱን ሁለት ሳምንት ፈለግን። ለካስ ቺፑ ቢተኛም ቦርዱ አይተኛም! ትንሿ ቀይ መብራት ቀንም ሌሊትም ትበራለች። ዩኤስቢውን የሚያገናኘው ቺፕና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ነቅተው ያድራሉ። መብራቷን ነቀልናት፤ ቦርዱንም ለባትሪ ተብሎ በተሠራ ቀየርነው። ቦርድ የምትመርጡ ልጆች፣ የቺፑን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሙሉውን ቦርድ ለኩ።

ሙቀቱን በተመለከተ የመረጥነው የኢኤስፒ32 ሞጁል (ቺፑን የያዘው ክፍል) ከ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ አሁን ደካማው ባትሪው ሆነ። የተለመደ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ መሞላት የለበትም። ባትሪውን ከሳጥኑ አውጥተን ከጣሪያው ሥር ጥላ ውስጥ አኖርነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ ብቻ ነው። ሶላሩም ቢሆን ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን አሰርነው፤ አየር በሥሩ ያልፋል።

የብረቱን ሳጥን በነጭ ፕላስቲክ ተካነው፤ አይፒ65 የተባለ ደረጃ ያለው ነው። 6 ቁጥሩ አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ሲሆን፣ 5ቱ ደግሞ በኃይል የሚረጭ ውሃ ይቋቋማል ማለት ነው። ከላዩ ሌላ ነጭ ክዳን በክፍተት ደረብንበት። ሴንሰሩ ግን ዝግ ሳጥን ውስጥ ቢሆን የሳጥኑን ሙቀት ነው የሚለካው። ለእሱ ልጆቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ የመብራት ማማዎች መሐንዲስ ያወጣውን ንድፍ ተከትለው፣ ጎኑ ዘንበል ብለው በክፍተት ከተደረደሩ ጠፍጣፋ ንጣፎች የሆነ ነጭ ቤት ሠሩ። ፀሐይ አይገባም፤ አየር ይገባል። በጣም ያማረ ሥራ ነው፤ ወጥታችሁ እዩት።

ፓይ 4 አልተጣለም። ክፍል ውስጥ በጥላ ተቀምጦ ከጣሪያው በዋይፋይ የሚመጣውን ቁጥር ይቀበላል፣ ግራፍ ይሠራል። አንድ ጊዜ እየጻፈ ሳለ ኃይል ተቋርጦ ሜሞሪ ካርዱ ተበላሽቶብናል። ከዚያ ወዲህ መረጃውን በየሳምንቱ ሌላ ቦታ እንገለብጣለን።

መሣሪያው ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እየመዘገበ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ የክበቡ ጸሐፊ ዘንድ አለ። በእረፍት ወራት ሶላሩን ማን እንደሚወለውል የሚያሳየው የተራ ዝርዝር በክበቡ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል።