ዱባዬን ያሰጠመችው አንዲት መስመር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላም በኮምፒውተር የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖርኩ። አሁን ሥራዬ ጓሮዬ ነው። ይህቺን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ዱባ ነው። አትሳቁ።

ባለፈው ዓመት በጓሮ አትክልት ገጻችሁ ስለ ዱባ አጠር ያለች ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ቆርጬ ማድቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። ስለ ውኃ የምታወራው መስመር አንዲት ናት፦ «ዱባ ውኃ ስለሚወድ ጠዋትና ማታ ያጠጡት።» በቃ። ምን ያህል? በምን ዓይነት አፈር? በየትኛው ወር? ወፍ የለም።

እኛ ዘንድ ድሮ ዱባን ሰው አያጠጣውም ነበር። እናቴ ማንኩሳ ሳለች፣ ዝናቡ ሲጀማምር ጥጃ ታስሮበት የከረመ ቦታ ትመርጥና ፍጉ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ወዲያ የእግዜር ሥራ ነው። ሐረጉ አጥሩን ይይዛል፤ ከአጥሩ ጎጆው ላይ ይወጣል። አደይ ሲፈነዳ እኛ ልጆች ጣሪያው ላይ ዱባ እንቆጥራለን፤ በዱባ ቁጥር እንጣላለን።

እኔ ግን ለዐቢይ ጾም አደርሳለሁ ብዬ በበጋ ዘራሁ። የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ዱባ ለመድረስ ሦስት አራት ወር ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሒሳቤ ልክ ነበር። ስምንት ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ስምንቱም በቀሉልኝ። በበጋ ሰማይ አያጠጣም። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኳትን መስመር ያዝኩ።

በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን በርሜሉም፣ ባልዲውም፣ ጀሪካኑም ይሞላል። ከዚያ ውስጥ ለዱባው ጠዋትና ማታ እየቀነስኩ ማጠጣት ያዝኩ። ልጄ ከባሕር ዳር ልትጠይቀኝ መጥታ፣ «እማ፣ አንቺ ሳትታጠቢ ዱባው በቀን ሁለቴ ይታጠባል እንዴ?» አለችኝ። እኔ እቴ፣ መች ሰማኋት።

አንድ ወር ሳይሞላ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ዝልፍልፍ ይላል። ጠማው ብዬ የቀትር ዙር ጨመርኩለት። ባሰበት። አንዱ ጨርሶ ሲወድቅ ነቅዬ ሥሩን አየሁት። ቡናማ ሆኗል፤ በእጄ ስይዘው ልጡ ይላቀቃል፤ የረጋ ውኃ ይሸታል። ጓሮዬ ታች በኩል አፈሩ ዋልካ ነው። የገባበትን ውኃ ቶሎ አይለቅም። እንደዚያ እያልኩ አምስቱን ቀበርኩ። በውኃ ጥም አልሞቱም፤ ሰጥመው ነው።

የቀሩትን ሦስቱን ያዳኑልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ቀፎ ያላቸው አዛውንት ናቸው። በቀትር ባልዲ ተሸክሜ ስሮጥ በአጥር አዩኝና፣ «አንቺ፣ ተይው! ፀሐይ ስትበርድ ተመልሰሽ እዪው» አሉኝ። አመሻሽ ላይ ወጣሁ። ያ ሞተ ያልኩት ቅጠል ቀጥ ብሎ ቆሟል! ውኃ ጠብ ሳላደርግለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱባ ቅጠል ሰፊ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሥሩ ከሚስበው ይልቅ በቅጠሉ የሚተነው ውኃ ይበልጣል። ስለዚህ መሬቱ ርጥብ ሆኖም ቢሆን ቀን ቀን ይጠወልጋል፤ ሲበርድ ይነሣል። ጠምቶት እንደሆነ የሚታወቀው በማለዳ ነው። ሌሊቱን በብርድ አድሮ ጠዋትም እንደጠወለገ ካገኛችሁት፣ ያኔ ወይ በእውነት ጠምቶታል፣ ወይ እንደነዚያ አምስቱ ሥሩ በስብሷል። በቀትር የጠወለገን ዱባ አይቶ ባልዲ ማንሣት የኔን ጅልነት መድገም ነው።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ጣቴን ነው። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብዬ ሌባ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ። ርጥበት ካለ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከደረቀ ለአንድ ሥር ግማሽ ጀሪካን፣ አሥር ሊትር ገደማ፣ ቀስ እያልኩ ግንዱን ሳልነካ ዙሪያውን አፈስለታለሁ። በኔ ጓሮ ይህ አበባና ፍሬ በያዘበት ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው። ትንንሽ ሳለ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ጥቂት ጥቂት እያሉ በየቀኑ ቢያርከፈክፉበት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ጠለቅ አድርገው አጠጥተው ቢተዉት ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። አፈሩን በጭድ ሸፍኜዋለሁ፤ ፀሐይ ቶሎ አታደርቀውም። የጤፍና የምስር እጣቢም ለዱባው እንጂ ሌላ ቦታ አልደፋም። የሳሙናውን ግን አላቀርብለትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቺን እንኳ በኩራት ነው የምጽፋት። አፉ የተሸረፈ የእናቴ የውኃ እንስራ ነበረኝ። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ማን እንስራ ያዝላል? ለመጣል ደግሞ አንጀቴ እንቢ አለኝ። ውኃ ያደረበት እንስራ ውጭው እንደሚያልበው ታውቃላችሁ። ቤት ውስጥ ካላበው መሬት ውስጥም ያልበዋል አልኩና በሁለቱ ዱባዎች መካከል እስከ አንገቱ ቀበርኩት። ሞላሁት፤ አፉን በምጣድ ገል ከደንኩት። ውኃው በሸክላው እየሰረገ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ሥሩም ወደዚያው ይሄዳል። ሦስተኛውን ዱባ ባልዲ ይዤ እዞረዋለሁ። እነዚህን ሁለቱን ግን እንስራው ሲጎድል እየሞላሁ ብቻ ከረምኩ።

አበባው ስለሚከፈትበት ሰዓትም ጽሑፋችሁ ዝም ብሏል። የዱባ አበባ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ አዝላ ትወጣለች፤ ወንዱ ቀጭን አገዳ ብቻ ነው። በማለዳ ይከፈታሉ፤ ፀሐይ ስትጠና ይከደናሉ። ሴቷ የምትከፈተው ለአንድ ማለዳ ነው። ያን ጊዜ ንብ የወንዱን ዱቄት ካላደረሰችላት ያዘለቻት ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። እኔ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ክዳኑን በሚስማር በበሳሳሁት የዘይት ጀሪካን ከላይ አርከፈክፍ ነበር! በማር አገር ተቀምጬ፣ ቀፎ ያለው ጎረቤት እያለኝ፣ ንብ አባርራለሁ። ፍሬው ሲረግፍ ደግሞ ውኃ አንሶት ነው እላለሁ። አሁን ከላይ ጠብታ አላስነካም። ንብ የቀረ ቀን የወንዱን አበባ ቀጥፌ፣ ቅጠሉን ልጬ፣ በሴቷ ልብ ላይ አሻሸዋለሁ። የልጅ ልጄ «አያቴ ዱባ ትድራለች» እያለ ለሰፈሩ ያወራል።

ሦስቱ ሥር ሰባት ዱባ ሰጡኝ። የመጀመሪያውን የደብረ ዘይት ሰሞን ወጥ ሠርቼ ለአዛውንቱ ወሰድኩላቸው። «ውኃ ውኃ አይልም» አሉ። እሳቸው ካሉ ትልቅ ምስጋና ነው። ደግሞም ፍሬው ሊደርስ ሲል፣ ጥፍር አልበሳው ሲል፣ ውኃውን ቀንሼበት ነበር።

በጸሐፊያችሁ አልፈርድም። ምናልባት አሸዋማ አፈር፣ ሞቃት አገር ይሆናል የሚያውቀው፤ እዚያ ብዙ ማጠጣት ያስፈልግ ይሆናል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ለካስ ዱባና ዱባም ለየቅል ነው። ወይም ደግሞ ጽሑፉ ረዝሞ ለቦታ ሲባል ተቆርጦ ይሆናል። ይሄ በኔም ደርሷል። አንዴ «ያልተፈቀደ» የሚለውን «የተፈቀደ» ብዬ ተይቤ፣ አለቃዬ ሳያዩት ፈርመውበት፣ ያን ሰሞን የበላሁትን ቁጣ ጡረታም አላስረሳኝ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንዲት ነገር ናት። መጪው በጋ ሳይገባ ስለ ዱባ ከጻፋችሁ «ጠዋትና ማታ» የምትለዋን አውጥታችሁ በቦታዋ «ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ» በሉበት። ቦታ ከጠበበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

እንስራው አሁንም እዚያው ተቀብሯል። ክረምት ስለሆነ ውኃ አልሞላበትም። ባለፈው ገሉን ባነሣው እንቁራሪት ገብታበታለች፤ መልሼ ከደንኩላት።

ጡረተኛ ታይፒስት
ከፍኖተ ሰላም