የየት አገሩ ኪም?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ኮሪያ ባተማችሁት አንድ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከደቡብ ኮሪያ ሕዝብ አንድ አምስተኛው «ኪም» ስለሚባል ይህ ሁሉ ሰው የአንድ አባት ዘር እንደሆነ ተገልጾ አነበብሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። በ2015 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ደብዳቤ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪም የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ከ10 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ፣ ማለትም ከሕዝቡ 21.5 በመቶ ነበሩ። የዝምድናው ነገር ግን ስሕተት በመሆኑ፣ በትሕትና ላርመው ብዬ ይህን ከደሴ ጽፌያለሁ።

ጉዳዩን መጀመሪያ ያወቅሁት በሥራ ምክንያት ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኞች ማኅደር ያዥ ነበርሁ። ከኮሪያ ከመጡት ተቆጣጣሪዎች ሦስቱ ኪም ይባሉ ስለነበር፣ ሠራተኛው «ረጅሙ ኪም»፣ «ባለመነጽሩ ኪም» እና «ቁጡው ኪም» እያለ ይለያቸው ነበር፤ ወንድማማቾች መሆናቸውንም ማንም አልተጠራጠረም። አንድ ቀን ባለመነጽሩን ስጠይቀው ሳቀና፣ እርሱ የጊምሄ ኪም፣ ረጅሙ የግዮንግጁ ኪም፣ ቁጡው ደግሞ የግዋንግሳን ኪም እንደሆነ፣ ዘር ከተቆጠረ ሁለቱ ባልደረቦቹ ወደ ኋላ ርቀው ሊገናኙ እንደሚችሉ፣ እርሱ ግን ከሁለቱም ጋር እንደማይገናኝ አስረዳኝ።

ጊምሄ፣ ግዮንግጁና ግዋንግሳን የቦታ ስሞች ናቸው። ኮሪያዊ ከቤተሰቡ ስም በተጨማሪ የዘሩ የመጀመሪያ አባት የተቀመጠበትን አገር ያውቃል፤ ይህም «ቦንግዋን» ይባላል። በ2000 በተደረገው ቆጠራ የተመዘገቡት የቤተሰብ ስሞች 286 ብቻ ሲሆኑ፣ በቦንግዋን ሲለዩ ግን ጎሣዎቹ ከአራት ሺህ በላይ ነበሩ። ስለዚህ ኪም ለሚባል ሰው ዋናው ጥያቄ የየት አገር ኪም ነው የሚለው ነው። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ ስንል «ወረ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል ቤተሰብን፣ ወገንን ያመለክታል፤ የሰዎቹ ስም በምድሩ ላይ ቀርቶ ዛሬ በእነዚህ ስሞች የምንጠራው አገሩን ነው። በኮሪያ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ምድሩ ለዘሩ ስም ሰጠ፣ ዘሩም አገሩን ለቅቆ ሴውል ቢገባ፣ ባሕር ተሻግሮ ኮምቦልቻ ቢመጣ እንኳን የጊምሄ ሰው መባሉ አይቀርም።

ከሁሉ የሚበዙት የጊምሄ ኪሞች ናቸው፤ ብቻቸውን ከአራት ሚሊዮን ይበልጣሉ። መነሻቸውን የሚቆጥሩት ጋያ ከተባለው ጥንታዊ የኮሪያ መንግሥት ንጉሥ ከሱሮ ነው። መነኩሴው ኢርዮን በ13ኛው መቶ ዓመት በጻፈው «ሳምጉክ ዩሳ» በተሰኘው የታሪክ መጽሐፍ እንደሚተረከው፣ በ42 ዓ.ም. ዘጠኝ የአገር ሽማግሌዎች ጉጂ በተባለ ኮረብታ ላይ ከሰማይ ድምፅ ሰምተው ሲጨፍሩና ሲዘምሩ፣ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የወርቅ ሣጥን ወረደላቸው፤ በውስጡም ስድስት የወርቅ እንቁላሎች ነበሩ። እንቁላሎቹ ልጆች ሆኑ፤ ቀድሞ የታየው ሱሮ ነገሠ፣ ከወርቅ ስለ ወጣም ወርቅ የሚል ትርጉም ያለው የቻይና ፊደል የቤተሰቡ ስም ሆነ። ያ ፊደል ለማዕድኑ ሲሆን «ግም» ተብሎ፣ ለቤተሰብ ስም ሲሆን ግን «ኪም» ተብሎ ይነበባል። እኛ ወርቁ፣ ወርቅነህ፣ ወርቅነሽ እያልን ለየልጁ የምናድለውን እነርሱ ለዘሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ሰጥተው ጨረሱ ማለት ነው።

ታሪኩ የእናትንም ወገን አይረሳም። ሱሮ ያገባት ልዕልት ሆ ህዋንግ ኦክ፣ አዩታ ከተባለ ሩቅ አገር ቀይ ሸራ በተዘረጋባት ጀልባ በ48 ዓ.ም. እንደ መጣች ይነገራል። ከወለደቻቸው አሥር ወንዶች ልጆች ሁለቱ የእናታቸውን ስም እንዲይዙ ስለተፈቀደ፣ የጊምሄ ሆዎችና የጊምሄ ኪሞች ስማቸው ቢለያይም ራሳቸውን እንደ አንድ ዘር ቆጥረው ሳይጋቡ ኖረዋል። ስለዚህ አንድ የጊምሄ ኪም ከአንድ የግዮንግጁ ኪም ይልቅ ሆ ለምትባል ሴት ይቀርባል፤ ስም ተመሳሰለ ተብሎ ዝምድና እንደማይቆጠር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ጊምሄ የቡሳን ጎረቤት ከተማ ናት፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን በ1951 ከመርከብ የወረዱትም ቡሳን ወደብ ላይ ስለሆነ፣ የኮሪያን መሬት መጀመሪያ የረገጡት በሱሮ አገር ደጃፍ ነበር ማለት ይቻላል።

የግዮንግጁ ኪሞች ሌላ ሣጥን፣ ሌላም ሕፃን አላቸው። በሲላ መንግሥት ግዬሪም በተባለው ጫካ ውስጥ ነጭ አውራ ዶሮ ሲጮህ ተሰምቶ ሰዎች ቢሄዱ፣ በዛፍ ላይ በተንጠለጠለ የወርቅ ሣጥን ውስጥ አልጂ የተባለውን ሕፃን አገኙ ይባላል። ከአልጂ ዘር የተነሡት ነገሥታት ሲላን ለረጅም ጊዜ ገዝተው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ግዮንግሱን በ935 ሲላን ለተካው ለጎርዮ መንግሥት እጁን ሰጠ። ዛሬ ራሳቸውን ከግዮንግሱን የሚቆጥሩ የኪም ጎሣዎች ብዙ ናቸው። የሱሮ ጋያ ቀደም ብላ በ532 ለሲላ ብትገዛም፣ የዘመኑን ሦስት የኮሪያ መንግሥታት ለሲላ ጠቅልሎ ለመያዝ የተዋጋው ታላቁ ጀኔራል ኪም ዩሺን የተወለደው ከተሸናፊዎቹ ከሱሮ ዘር ነበር።

ቦታውም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። የአንዶንግ ኪም የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ አንደኞቹ ከሲላ ነገሥታት የሚወርዱ «አሮጌዎቹ»፣ ሌሎቹ በ10ኛው መቶ ዓመት የጎርዮን መሥራች ከረዳው ከኪም ሶንፕዮንግ የሚወርዱ «አዲሶቹ»። እነዚህ አዲሶቹ በ19ኛው መቶ ዓመት ሴቶቻቸውን ከጎርዮ በኋላ ለመጣው ለጆሶን መንግሥት ነገሥታት እየዳሩ በአማችነት አገሩን በእጃቸው አድርገው ነበር። የእኛው የየጁ ወረሼህ መሳፍንት ጎንደር ላይ እያነገሡና እያወረዱ እንደራሴ ሆነው የገዙት በዚያው ዘመን ገደማ መሆኑን ሳስብ፣ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጎ የሚጽፍልን ሰው ቢገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ለአንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ካስፈለገ፣ በተከታታይ ደቡብ ኮሪያን የመሩትን ሁለት ፕሬዚዳንቶች ማየት ይቻላል። ከ1993 እስከ 1998 የመሩት ኪም ዮንግ ሳም የጊምንዮንግ ኪም ሲሆኑ ዘራቸው ወደ ሲላ ይሄዳል፤ እስከ 2003 የመሩት ኪም ዴ ጁንግ ደግሞ የጊምሄ ኪም ናቸው። የሰሜኑ ገዥ ቤተሰብ የጆንጁ ኪም እንደሆነ ይነገራል። በጽሑፋችሁ ስሌት ሦስቱም ዘመዳሞች ይሆኑ ነበር።

ሐረጉ የሚጻፈው «ጆክቦ» በተባለ የትውልድ መዝገብ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥንታዊው የአንዶንግ ክዎን ጎሣ በ1476 ያሳተመው ነው። በብዙ ጎሣዎች ደንብ በአንድ እርከን ላይ ያሉ ልጆች ሁሉ በስማቸው ውስጥ አንድ የጋራ ፊደል ስለሚይዙ፣ ሁለት የማይተዋወቁ የጎሣ ሰዎች ስም ብቻ ተነጋግረው ማን አጎት፣ ማን የወንድም ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ መዝገብ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ባሮችና ከሕዝቡ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ብዙዎች ለረጅም ዘመን የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ በጆሶን መጨረሻ የትውልድ መዝገብ በገንዘብ መገዛት ጀመረ፤ በ1894 የመደብ ልዩነት በሕግ ከተሻረና የ1909ኙ የምዝገባ ሕግ ሁሉም ስም እንዲያስመዘግብ ካስገደደ በኋላ፣ ብዙዎች የጌታቸውን ወይም ስመ ጥር የሆነውን ስም ወሰዱ። ከ10 ሚሊዮኑ ኪሞች ስንቶቹ በሥጋ፣ ስንቶቹ በወረቀት ኪም እንደሆኑ ማንም ሊለየው አይችልም፤ እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ነውር አላየውም፣ ስም የተነፈገ ሰው ጥሩውን ስም ቢመርጥ ምን ይደንቃል።

በጋብቻ ላይ ግን ይህ ስም ቀልድ አልነበረም። እኛ አገር በተለይ በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ ያለፈ ይጋባል። በኮሪያ ሕግ ግን ስማቸውም ቦንግዋናቸውም አንድ የሆኑ ሰዎች ምን ያህል ትውልድ ቢራራቁ መጋባት አይችሉም ነበር፤ ለአንድ የጊምሄ ወጣት ሚሊዮኖች የተከለከሉ ነበሩ ማለት ነው። ጋብቻቸውን ማስመዝገብ ሳይችሉ ለሚኖሩ ባልና ሚስቶች በ1978፣ በ1988 እና በ1996 ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጠ፤ በ1997 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ፤ በ2005 ሕጉ ተሻሽሎ ክልከላው እስከ ስምንተኛ ደረጃ ባለው የሥጋ ዝምድና ላይ ብቻ ቀረ። በእነርሱ አቆጣጠር ወንድምና እህት ሁለተኛ፣ የአጎት ልጅ አራተኛ ደረጃ ስለሆነ፣ ስምንተኛው አራት ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው የሚገናኙትን ይመለከታል።

አንድ ልመና አለኝ። የኮሪያ ስም ሲጻፍ የቤተሰቡ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል፤ ስለዚህ የኪም ዴ ጁንግ የራስ ስም «ዴ ጁንግ» እንጂ «ኪም» አይደለም። በእኛ ቅጽ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» እየተባለ ሲሞላ ኪም ስም፣ ዴ አባት፣ ጁንግ አያት ይሆናሉ፤ እኔም ራሴ በመጀመሪያዎቹ ወራት በዚህ መንገድ ያልነበሩ አባቶችና አያቶች ፈጥሬያለሁ። በጽሑፋችሁም ሁለት የተለያዩ ሰዎች «አቶ ኪም» እየተባሉ ስለቀጠሉ ማን ምን እንዳደረገ መለየት አልቻልሁም። ኮሪያውያን የማይሆን ፍለጋን «ሴውል ገብቶ አቶ ኪምን መፈለግ» ይሉታል፤ ባቲ ሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ «መሐመድ የት አለ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ሙሉ ስማቸውን ብትጽፉልን ይበቃናል። እኔ የሦስቱን ተቆጣጣሪዎች ማኅደር የለየሁት በየሽፋኑ ጥግ ላይ አገራቸውን በእርሳስ በመጻፍ ነበር፤ የረጅሙ ደብዳቤ ለቁጡው መድረሱም ከዚያ በኋላ ቀረ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ደሴ፣ ሆጤ