የፊልም ክበብ፦ ዓመቱን የወሰደችው ፊሊስ

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ፊልም ለማየት ነበር ያቀደው። አልሆነም። «ደብል ኢንደምኒቲ» ላይ ተተክለን ቀረን። በፈረንጆቹ 1944 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ግን «እንደገና እንየው» እያሉ ወጥረው ያዙኝ።

ላላያችሁት፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋልተር ኔፍ የሚባል የኢንሹራንስ ሻጭ ፊሊስ ከምትባል ባለትዳር ጋር ይገጥማል። ባልየው የመኪና ኢንሹራንስ መስሎት የአደጋ መድን ላይ ይፈርማል። ከዚያ ገድለውት ከባቡር የወደቀ ያስመስላሉ፤ እንዲህ ላለው አደጋ ኩባንያው እጥፍ ይከፍላላ! ዋልተር ይህን ሁሉ የሚናዘዘው ገና ፊልሙ ሲጀምር ነው። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ገዳዩን ከነገረን ምን ቀረን?» አለኝ። መጨረሻ ላይ ከወንበሩ አልነሳም ያለውም እሱው ነው።

የቀረንማ ፊሊስን የምትጫወተው ባርባራ ስታንዊክ ናት። ፊሊስ መኪናውን ትነዳለች፣ ባሏ አጠገቧ ነው፣ ዋልተር ከኋላ ተደብቋል። ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ትነፋለች። ግድያው ሲፈጸም ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ሟቹን አያሳየንም፤ ካሜራው እሷ ፊት ላይ ይቀራል። አትጮህም፣ ዞር ብላም አታይም። ዓይኗ ላይ ብቻ የሆነ ነገር ያልፋል፤ ምን እንደሆነ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረበት፣ ሴቶቹ ባብዛኛው «እፎይታ ነው» ሲሉ ወንዶቹ «ደስታ ነው» ብለው ድርቅ አሉ፣ እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፣ ግን ዳኛ ስለነበርኩ አፌን ዘጋሁ። አንዲት ጠብታ ደም ሳይታይ ክፍሉ ጭጭ አለ።

ስታንዊክ ራሷ ይህን ሚና ፈርታው ነበር። በዘመኑ ስመ ጥር ተዋናይት ናት፤ ጨካኝ ገዳይ ሆኖ መታየት ቀላል አይደለም። ግን ብሩክሊን ተወልዳ እናቷን በ4 ዓመቷ ያጣች፣ ገና በልጅነቷ መድረክ ላይ እየደነሰች እንጀራዋን የጀመረች ሴት ናት፣ ወኔው አላነሳትም። ለኦስካር 4 ጊዜ ታጭታ አንዴም አላሸነፈችም፤ የክብር ሽልማቱን የሰጧት በ1982 ነው። ፊልሙም በ7 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ልጆቹ በዚህ በጣም ተናደዱ። በቢጫ ዊጓ ግን ሲስቁ ከረሙ፣ እውነትም ያስቃል።

ሁለተኛው መንፈቅ የተግባር ነበር። በመስኮት መጋረጃ ክፍተት እየገባ ሰው ላይ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ የሚያርፈውን የፊልሙን ካሜራ ባለሙያ የጆን ሳይትስን ብርሃን ልጆቹ ካልሞከርን አሉ። ካርቶን በቀጭን በቀጭኑ ቀደዱ፣ ከኋላው የስልክ መብራት አበሩ፣ አጫጭር ፊልም ቀረጹ። ኮረንቲ ሲጠፋ ሌላው ክበብ ሲያማርር እኛ ጨለማውን እንፈልገው ነበር። ትወናው ገና ነው፤ ሁሉም ሲዋሽ ዓይኑን ያጉረጠርጣል።

ለመጪው ዓመት የመጀመሪያውን ፊልም መርጠዋል፦ ስታንዊክ የምታስቅበትን የ1941ዱን «ዘ ሌዲ ኢቭ»። መግባት የምትፈልጉ መስከረም ላይ ቶሎ ተመዝገቡ፣ ወንበር የለንም።