አንቴናን ከኮርኒስ በላይ ስለመትከል ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኛችን፣

አንቴናውን ጣሪያ ላይ ከመስቀል ይልቅ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍት ቦታ መትከል ይቻል እንደሆነ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ይቻላል፤ ነፋስና ዝናብ አይነካውም፣ ለጥገናም ጣሪያ ላይ መውጣት ይቀራል። ቁርጡን የሚነግርዎ ግን አንቴናው ሳይሆን የጣሪያው ክዳን ነው።

ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ አይድከሙ። ብረት ሲግናሉን ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ ከስሩ ያለ አንቴና የሚደርሰው በጎን ግድግዳ ሾልኮ የገባው ብቻ ነው። በሙቀት መከላከያ ላይ የተለበጠ አልሙኒየም ፎይልም ከወረቀት ቢሳሳም ሥራው ያው ነው። ሸክላና እንጨት ያሳልፋሉ፣ ግን ቀረጥ ሳይቆርጡ አይደለም፤ የሲግናሉን ግማሽ ኃይል ቢወስዱ አይግረምዎ። ክዳኑ ዝናብ ጠጥቶ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በፀሐይ ቀን ለጥቂት የተሳካ ሙከራ እንደተሳካ አይቆጠርም። በአናሎግ ጊዜ ሲግናል ሲደክም ምስሉ እየነጣ ይሄድ ነበር። ዲጂታል እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጥርት ብሎ ቆይቶ በድንገት ካሬ ካሬ ይሆንና ይቆማል።

አንቴና ከመግዛትዎ በፊት በአካባቢዎ ያሉት ጣቢያዎች በየትኛው ሞገድ እንደሚያሰራጩ ይወቁ። ለዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ፣ አጫጭር ዘንጎች ያሉት አንቴና ይበቃል። ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ላለው ቪኤችኤፍ ግን ዘንጉ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መድረስ አለበት። ሁሉንም ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ መዳፍ የሚያህል አንቴና እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቴናውን በብሎን ከማሰርዎ በፊት ይዘውት ይዙሩ። ሲወጡ የሚረግጡት የኮርኒሱን እንጨት ብቻ ይሁን፤ ጂፕሰሙ ሰው አይሸከምም። አንድ ሰው ታች ቴሌቪዥኑ ጋ ሆኖ የሲግናሉን ጥራት በስልክ ያንብብልዎ። ጥንካሬ ሳይሆን ጥራት ብለናል፤ ጥንካሬው 90 ሆኖ ጥራቱ የወደቀ ሲግናል አይታይም። አንቴናውን ወደ ማሰራጫው ማማ ያዙሩትና በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ጎንም ወደ ላይም ያንቀሳቅሱት። በ600 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከቧንቧ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከውሃ ታንከር የሚነጥረው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ያጠፋዋል፣ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ያበረታዋል። ከእነዚህ ብረቶች ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። ዘንጎቹ ይጋደሙ ወይስ ይቁሙ የሚለውንም ማሰራጫው ነው የሚወስነው፤ ሁለቱንም ይሞክሩ። ጥሩ ቦታ የምንለው ጠንካራው ቻናል የሚያንጸባርቅበትን ሳይሆን ደካማው ቻናል ሳይቆራረጥ የሚቆይበትን ነው። እዚያው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው አንቴናውን ወራጁ እንጨት ላይ በብሎን ይሰሩት።

ኬብሉ ባለ 75 ኦም አርጂ 6 ይሁን። 30 ሜትር ኬብል በዩኤችኤፍ ላይ ወደ 6 ዴሲቤል ይበላል፤ ይህ ማለት ከአንቴናው ከተነሳው ኃይል ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ነው። ለሁለት ቴሌቪዥን የሚያካፍል ስፕሊተር ሌላ 3.5 ዴሲቤል ይጨምርበታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨን ግን የኬብሉ ጫፍ ነው። ሲልጡት ከመረቡ ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር መሐል ያለውን መዳብ ከነካች ሾርት ያደርጋል፣ ሲግናሉም ይሞታል። መረቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ያጥፉት፤ ነጩ ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ከሚገጠመው ኮኔክተር ውስጠኛ ወለል ጋር እኩል ይሁን፣ መዳቡም ከአፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ።

ቡስተር (የሲግናል ማጉያ) ሁሉን ይፈታል የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ቡስተር የሚክሰው ኬብሉና ስፕሊተሩ የሚበሉትን ነው፤ ክዳኑ ያስቀረውን ከየት ያመጣዋል? የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው አንቴናው ጋ እንጂ ቴሌቪዥኑ ጋ አይደለም፤ ታች ሲሆን ጫጫታውንም፣ ማለትም ሲግናሉን የሚረብሸውን፣ አብሮ ያጎላል። የቡስተሩ ኤሌክትሪክ በዚያው ኬብል ወደ ላይ ስለሚሄድ በመሐል ተራ ስፕሊተር ካለ ይዘጋበታል፤ ስፕሊተሩን ከቡስተሩ ኃይል ሰጪ በኋላ፣ በቴሌቪዥኑ በኩል ይግጠሙት። ማማው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ቡስተሩ ከልክ በላይ ተጭኖ የነበሩት ቻናሎች ጭምር ይጠፋሉ። ቡስተሩን ሲነቅሉት ቻናሎቹ ከተመለሱ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ምስሉ ማታ ማታ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ አንቴናውን ከመነካካትዎ በፊት የኤልኢዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ ርካሽ አምፖል ከውስጡ ካለው ኃይል መቀየሪያ ጫጫታ ይለቃል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የቻናል ፍለጋውን እንደ አዲስ ያስጀምሩ። ባለሙያ እንዲላክልዎ ሲደውሉልን የክዳኑን ዓይነት፣ ከአንቴናው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን የኬብል ርዝመትና የቴሌቪዥኖቹን ቁጥር ይንገሩን፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ የውጭ መስቀያ ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንቴና ተከላ ክፍል