በራሱ የተማረ የሶፍትዌር ባለሙያም ይመዘን

ለኢፌዴሪ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዲግሪ ሳይኖራቸው ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች የተግባር ምዘና እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ ከመቶ ሃምሳ ካላመጣ አይመረቅም። መንግሥት በዚህ ውሳኔው ግቢ ውስጥ ዓመታት መቆየት ብቻውን የዕውቀት ማስረጃ እንዳልሆነ ተቀብሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሮ ወጣቱ ፕሮግራሚንግን በነፃ በኢንተርኔት እንዲማር ተጋበዘ። ተምሮ ሲጨርስ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የሚለው ያንኑ ነው፦ «የመጀመሪያ ዲግሪና 0 ዓመት»። የሥራ ልምድ ላቅርብ ቢል፣ የግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠየቃል። በየፕሮጀክቱ እየተዋዋለ የሚሠራ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል?

የሙያ ብቃት ምዘናው (ሲኦሲ) በየትኛውም መንገድ የተማረን ሰው ለመመዘን የታሰበ መሆኑ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን የሶፍትዌር ሥራ በምርጫ ጥያቄ አይለካም።

ግማሽ ቀን የሚበቃው ምዘና ይኑር። ተመዛኙ ሆን ተብሎ የተበላሸ አነስተኛ ፕሮግራም ይሰጠው፤ ለምሳሌ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ዕቃ ወጪ ሲያደርጉ ቀሪው የሚዛባ የመጋዘን መዝገብ። በራሱ የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቪዲዮ እያየ የሠራውን የሞከረው ብቻውን ነውና ትራንዛክሽን (ተያያዥ ለውጦች ወይ ሁሉም አብረው እንዲፈጸሙ ወይ ሁሉም እንዲቀሩ የሚያደርግ አሠራር) ለምን እንደሚያስፈልግ አላየም። ቀጥሎ ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ይደምሰስና ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) ይመልሰው። ባክአፕ መያዝ ሁሉም ያውቃል፤ መመለሱን የሞከረ ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻ የራሱን ሥራ ይዞ ይቅረብና 20 ደቂቃ በቃል ይጠየቅ። «ይህን መስመር ብናወጣው ምን ይፈጠራል?» የሚለው ጥያቄ ኮዱን ማን እንደጻፈው ቶሎ ያሳያል፤ በቻትጂፒቲ ይሠራ አይሠራ የሚለው ጭቅጭቅም እዚሁ ያልቃል። በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግብ መሣሪያ) የተያዘው የሥራው ታሪክም ይታይ። ሺህ መስመር በአንድ ኮሚት (በአንድ ምዝገባ) ከገባ ምክንያቱን ያስረዳ። በምዘናው ጊዜ ኢንተርኔት አይከልከል፤ ባለሙያ የሚሠራው መመሪያ እያነበበ ነው።

ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም እያልን አይደለም። የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ሲለካ ያላየ ሰው ሕንፃ አይቆጣጠር። ሕክምናውንማ ማን ይከራከርበታል? በሶፍትዌርም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የማይወደውን ሒሳብና አልጎሪዝም በግድ ያስተምረዋል፤ ብቻውን የሚማር ግን የከበደውን ይዘላል። ስለዚህ ይህም ይጠየቅ፤ ሚሊዮን ስም ያለበት ሰንጠረዥ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ሲያጣ ፍለጋው ለምን እንደሚዘገይ ያስረዳ። (ኮድ በወረቀት ላይ ሲጽፍ የተመረቀውም ይህንኑ ምዘና ቢወስድ አንጠላም።)

ጥያቄዎቹ በየዙሩ ይቀየሩ፤ አለዚያ ብዙም ሳይቆይ ቴሌግራም ላይ ይሸጣሉ። የወደቀ ሰው የወደቀበትን ክፍል ብቻ ደግሞ ይፈተን። ያለፈው ለጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያ መደብ ከባለዲግሪው እኩል እንዲወዳደር ከፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ጋር ተነጋግራችሁ የጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በሶፍትዌር ሙያ የምንሠራና የምናሠለጥን

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ለትምህርት ሚኒስቴር